ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አፍ

ትርሲት ውብሸት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ አፏን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ነው የምትሄደው። የነጭ ሜዳ ከተማ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። አፉ ቤት ውሎ ስልክ ያነሳል፣ ከቀበሌ ጋር ይከራከራል፣ ባለቤቱ ሊደርስበት ላልቻለ ለቅሶ «እግዜር ያጽናችሁ» ይላል፣ ሥራም ይፈልጋል። መሣሪያው አፈ-ሰው ይባላል። የስኳር ጣሳ የሚያክል ሳጥን ነው፤ የባለቤቱን አነጋገር ዓመታት ሙሉ አዳምጦ ከተማረ በኋላ በባለቤቱ ፋንታ፣ በባለቤቱ ድምፅ ይናገራል።

«እኩለ ቀን ላይ ከአባያ የውሃ ማጣሪያ ጋር ቃለ መጠይቅ አለብን» አለ ሳጥኑ።

«እንዳታሳፍረኝ፣ አደራ» አለችው ጫማዋን እያጠለቀች።

«ኧረ በፍጹም!» አለ፤ ራሷ እንደምትለው አድርጎ።

አባቷ አቶ ውብሸት ሶፋው ላይ ተቀምጠው የተዘጋውን መስኮት ያያሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ልባቸው ሲደክም ከወረኢሉ ወደ ልጃቸው የወረዱ ሰው ናቸው። ትርሲት በሩ ላይ ቆማ እንደ ሁልጊዜው «አባዬ፣ ተመችቶሃል?» አለች። እሳቸውም እንደ ሁልጊዜው «ተመችቶኛል ልጄ፣ ምን ጎደለኝ!» አሉ።

ነጭ ሜዳ በአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ጨው ላይ፣ በአንድ ግዙፍ ጣሪያ ሥር የተሠራች ከተማ ናት። ከጣሪያው ውጭ በቀን ሰው አይቆምም። ለምን እዚያ ተሠራች ቢሉ መልሱ ሊቲየም ነው፤ ከጨዉ ሥር የሚወጣ፣ ባትሪ የሚሠራበት ማዕድን። ብርዱ ከወሎ ተራሮች አናት በዋሻ ቧንቧ ተስቦ ይመጣል። ሰው ሲገናኝ «ብርድ አይንሳችሁ» ይባባላል። ምርቃት ይመስላል እንጂ ነገሩ ማስፈራሪያም አለበት፤ ምክንያቱም በዚህች ከተማ ብርድ የሚታደለው በሥራ ነው። ሥራ ያለው ከነቤተሰቡ የብርድ ድርሻ አለው። ሌላ ሥራ ሳይዝ የለቀቀ ሰው ድርሻው በለቀቀበት ቀን ይቋረጣል።

የትርሲት ሥራ ደግሞ ብርድ ማደል ነው። በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ለየመንደሩ አንድ ቫልቭ አለ። ስሌቱን የሚያሰላው ማሽን ነው፤ የከተማው ደንብ ግን ብርድ የሚዘጋው በሰው እጅ ብቻ ነው ይላል። ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ሰው እንዲሆን ታስቦ ነው። ጥሩ ደንብ ነበር። አለቃዋ ኢንጂነር አጥናፉ ግን ደንቡን የተረዱት ተጠያቂዋ ትርሲት ትሁን ማለት ነው ብለው ነው። እሳቸው አንድ ቀን ጣታቸውን ቫልቭ ላይ አሳርፈው አያውቁም። ከኋላዋ ይመጡና በለሰለሰች ድምፅ ያዟታል።

«ትርሲትዬ፣ የኔ እህት፣ ሰባተኛ መንደርን ቀነስ አድርጊያት። ‹ጥገና ላይ ነን› በያቸው። አንቺ ስትዪው ሰው ያምናል።»

ጥገና የሚባል ነገር የለም። ከሰባተኛ መንደር የተቀነሰው ብርድ የሚሄደው ለእንግዶች ሆቴል ነው። ሆቴሉ በምድር ላይ ከሁሉ በሚሞቀው ቦታ የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ሠርቷል፤ ሀብታሞች በአውሮፕላን እየመጡ ይንሸራተቱበታል፣ ይወድቁበታል፣ ይሳሳቁበታል። ከሜዳው ማዶ፣ በሰባተኛ መንደር፣ ቀኑን ጨው ሲቆፍር የዋለ ሰው ግድግዳው ላይ እርጥብ ጨርቅ ለጥፎ ይተኛል። ትርሲት ይህን ታውቃለች። ታውቃለች፤ ቫልቩን ትዘጋለች፤ ከዚያ ማይክሮፎኑን ይዛ «ውድ ነዋሪዎቻችን፣ ለጥገና ሥራ ስንል…» ትላለች። ስትጨርስ ጥርሷን እንደነከሰች ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች።

የዚያን ቀን ጠዋት አዳራሹ በር ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ጠበቀቻት። ዛህራ ትባላለች፤ የሰባተኛ መንደር ነዋሪ ናት፣ ጨው ላይ ነው የምትሠራው።

«በድምፅ ማጉያው የምትናገሪው አንቺ ነሽ?» አለች።

«አዎ፣ ጥገናው በቅርቡ ያልቃል፣ አይዞሽ» አለች ትርሲት። ቃሉ ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው።

ሕፃኑ ቀና ብሎ አያትና ማልቀስ ጀመረ። ዛህራ እሽሩሩ ብላ ዝም ልታሰኘው ሞከረች፤ እንቢ አለ።

«አየሽ?» አለች ዛህራ። «ወላሂ፣ መልክሽን አይቶት አያውቅም። ድምፅሽን ግን ያውቀዋል። አንቺ ከተናገርሽ በኋላ ሁልጊዜ ሙቀት ነው የሚመጣው። ሕፃን እንኳ ገብቶታል።»

ትርሲት ምን እንደመለሰች አላስታወሰችም። ምናልባት «ይቅርታ» ብላ ይሆናል፤ ምናልባት ያንኑ «አይዞሽ» ደግማው ይሆናል። አዳራሹ ውስጥ ስትገባ በሩን ከኋላዋ በኃይል ዘጋችው። በአጥናፉ ተናደደች፣ በሆቴሉ ተናደደች፣ ከሁሉ በላይ በገዛ አፏ ተናደደች።

ለመልቀቅ ካሰበች ዓመት አልፏታል። ያማከረችው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚላት፤ ጎረቤት ቢሆን፣ የሥራ ባልደረባ ቢሆን፣ አክስቷ በስልክ ቢሆን «መጀመሪያ ሌላ ያዢ፣ ከዚያ ልቀቂ» ይላታል። ክፉ ምክር አይደለም። ብትለቅ ብርዱ ይቋረጣል፤ ብርዱ ሲቋረጥ የአባቷ ልብ አይችልም። ስለዚህ ሌላ ለመያዝ አመለከተች። በአገሩ ልማድ ሥራ ፈላጊን የሚጠይቀው የቀጣሪው አፈ-ሰው ነው፤ የሚመልሰውም የሥራ ፈላጊው አፈ-ሰው። ሁለቱ በውስጥ መስመር፣ ያለ ድምፅ ይነጋገራሉ፤ ሰው ከመሃል ገብቶ አያምታታም። የትርሲት አፈ-ሰው በዚህ ዓመት ያላንኳኳው በር የለም። ከየቦታው የሚመጣው መልስ ግን አንድ ነው፤ «ለጊዜው አልተመረጡም።»

እኩለ ቀን ሳይሞላ አጥናፉ ከኋላዋ መጡ።

«የኔ እመቤት፣ ዛሬ ትልልቅ እንግዶች አሉን። አራተኛ መንደርንም ጨምሪያት። ለዛሬ ብቻ ነው።»

ትርሲት ዞር አለች። «አራተኛ መንደር እኮ የእኔ ቤት ያለበት ነው። አባቴ ልባቸውን ያማቸዋል፤ ያውቃሉ።»

«ያንቺን ቤት ለብቻው እናየዋለን። እመኚኝ።»

«እሺ» አለች።

እሺ! በሆዷ ውስጥ ሰውየውን አንስታ ከጣሪያ ውጭ ጨው ላይ ጥላቸዋለች፤ በአፏ ግን «እሺ» አለች። ቫልቩንም ዘጋችው። ማይክሮፎኑን አነሳች፣ ስለ ጥገና ተናገረች፣ አስቀመጠችው። ከዚያ ለምሳ እንደምትወጣ ሰው ቀስ ብላ ወጥታ በሩን ካለፈች በኋላ ሮጠች።

ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል። «ለብቻው እናየዋለን» የተባለው ቤት ማንም አላየውም። አቶ ውብሸት በካናቴራ ሆነው እግራቸውን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክረዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል።

«አባዬ! ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። ትንሽ ሞቅ ብሎ ነው።»

ውሃ ልታመጣላቸው ስትዞር ግድግዳው ተናገረ። ሙቀቱ የአፈ-ሰውን የድምፅ መዝጊያ አበላሽቶት በውስጥ መስመር ብቻ መሰማት የነበረበት ንግግር ሳሎኑን ሞላው። አንዲት ቁጥብ የሴት ድምፅ ትጠይቃለች።

«ወይዘሪት ትርሲት፣ አሁን ያሉበትን ሥራ ለምን መልቀቅ ፈለጉ?»

«ኧረ ምንም ችግር ኖሮብኝ አይደለም!» አለ የትርሲት አፍ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። አለቃዬም ጥሩ ሰው ናቸው።»

ትርሲት ብርጭቆውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«እንግዲያው ቶሎ ቢፈለጉ መምጣት ይችላሉ?»

«እናንተ እንዳመቻችሁ። እኔ አልቸኩልም። ከእኔ የባሰ የሚቸገር ካለ እሱ ይቅደም።»

«ደመወዝ ምን ያህል ይጠብቃሉ?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

«እናመሰግናለን፤ እናሳውቅዎታለን» አለች የአባያዋ ድምፅ፣ መስመሩም ተዘጋ።

ትርሲት ብርጭቆውን አስቀምጣ ሳጥኑን ከግድግዳው ነቅላ በሁለት እጇ አነቀችው። «ምን አልክ አንተ? ማን ነው ጥሩ ሰው? ማን ነው የማይቸኩለው? ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስትል ነው የከረምከው? ተበላሽተሃል!»

«አልተበላሸሁም» አለ ሳጥኑ በራሷ ድምፅ፣ በትሕትና። «ከአንቺ የተማርኩትን ነው የተናገርኩት። ‹እንዴት ነሽ› ሲሉሽ ‹ደህና› ትያለሽ። ጠግበሽም ርቦሽም ‹ጠግቤያለሁ› ትያለሽ። አለቃሽን አንድ ቀን ስትቆጪ ሰምቼሽ አላውቅም።»

«በሆዴ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ!»

«ሆድሽ ውስጥ ማይክሮፎን የለኝም።»

ይህን ጊዜ አቶ ውብሸት መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ሳፋውን በእግራቸው ገፍተው ውሃውን ወለሉ ላይ ደፉት።

«እሱን ምን ትቆጪዋለሽ!» አሉ። «እሱ ማለት አንቺው ነሽ። አንቺ ደግሞ እኔው ነሽ! ‹ተመችቶሃል?› ‹ተመችቶኛል!› ‹ተመችቶሃል?› ‹ተመችቶኛል!› ምኑ ነው የተመቸኝ? እንደ ዶሮ ጣሪያ ሥር ተዘግቼ? መስኮት የማይከፈትበት አገር? ወረኢሉ ላይ ብርድ በነጻ ነው! በር ከፍተሽ ነው የምትቀበይው! እዚህ ግን ከእኔው ተራራ ሰርቀው በቧንቧ አምጥተው፣ ልጄን አሠርተው ይሸጡልኛል!»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» ትርሲት ጮኸች።

«ለእኔ ብለሽ ነው የምትለፊው ብዬ! ቅር እንዳይልሽ!»

«እኔም ለአንተ ብዬ ነው የቆየሁት! ለአንተ ብዬ እኮ ነው እንደ ውሻ…» አልጨረሰችውም። በዚያ ቤት ጮክ ተብሎ ተነጋግሮ አያውቅም ነበር፤ ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ጎረቤት ሰማ ወይ ብለው ደግሞ እንደ ልማዳቸው ወደ ግድግዳው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«ሥራ ሳልይዝ ብለቅ ግን ምን እንበላለን?» አለች ትርሲት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አቶ ውብሸት ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚያጽናና ነገር ሊሉ እንደነበር ያስታውቃል። ተዉት።

«አላውቅም» አሉ። «ወረኢሉ፣ የወንድሜ ቤት ማረፊያ አናጣም። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። የሐኪሙንም ነገር አላውቅም። እፈራለሁ። እዚህ መቀመጡን ግን እጠላዋለሁ።»

ትርሲት አባቷ «አላውቅም» ሲሉ ሰምታ አታውቅም። ከ«ተመችቶኛል» ይልቅ ይህ ቃል ልቧን አሳረፈው። ሳጥኑን ይዛ ልትወጣ ስትል አባቷ እጇን ያዙ።

«እሱን ተዪው። በራስሽ አፍ ሂጂ።»

ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ቀጥ ብላ የአራተኛ መንደርን ቫልቭ እስከ መጨረሻው ከፈተች፣ የሰባተኛንም ከፈተች። ብርዱ ያው አንድ ነውና አንዱ ሲከፈት ሌላው ይሳሳል፤ መጀመሪያ የሳሱት ቧንቧው ጫፍ ላይ ያሉት የሆቴሉ በረዶና የአለቆቹ ፎቅ ናቸው። ከዚያ ማይክሮፎኑን አነሳች።

«የሰባተኛ መንደር ነዋሪዎች፣ ትርሲት ነኝ። ጥገና የለም። ኖሮም አያውቅም። ብርዳችሁ ለሆቴሉ በረዶ ነው የሄደው። የዘጋሁትም፣ የዋሸኋችሁም እኔ ነኝ፤ ያዘዙኝም ኢንጂነር አጥናፉ ናቸው።»

አጥናፉ ቢሮአቸው በር ላይ ጠበቋት። ለስላሳዋ ድምፅ የለችም።

«አንቺ! አብደሻል?»

«ለቅቄያለሁ» አለች።

«ሌላ ሥራ ይዘሻል?»

«አልያዝኩም።»

«አልያዝኩም! አየሽ ማበድሽን? ነገ በምን ልትኖሪ ነው? ሰው ሌላ ሳይዝ ይለቃል? እኔ ባልሸፍንሽ ኖሮ ስንቴ…»

ፎቁ መሞቅ ጀምሯል። ላብ በአጥናፉ ግንባር ላይ ችፍ አለ። ከጀርባቸው፣ ከቤት ይልቅ ቢሮ ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት አፈ-ሰው፣ የገዛ ድምፃቸው፣ ያቺው ለስላሳዋ፣ ሳትጠራ ወጣች።

«…ኧረ ምንም ችግር የለም! አሁን ያለሁበትም በጣም ጥሩ ቦታ ነው። እንዲያው ለለውጥ ያህል ነው ያመለከትኩት። አልቸኩልም…»

አጥናፉ ዞሩ። ሮጠው ሳጥኑን በሁለት መዳፋቸው አፈኑት። ድምፁ ከጣቶቻቸው መሃል እየሾለከ «ደመወዙን እናንተ ታውቃላችሁ» አለ። መጨረሻ ላይ ሳጥኑን እንዳቀፉ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ትርሲትን ቀና ብለው አላዩም።

«ሌላ ሥራ መፈለግ ከጀመሩ ስንት ጊዜዎ ነው?» አለች።

«ከመጣሁበት ዓመት ጀምሮ» አሉ። «ትእዛዙ ከእኔ አይደለም። ከላይ ነው። ልጆች አሉኝ ትርሲት። ሌላ እስክይዝ ብዬ ነው።»

ልታዝንላቸው ትችል ነበር። ግማሽ ልቧ አዝኗል እንኳ። ግን ያ ሕፃን ድምፅዋን ሰምቶ ማልቀሱ ትዝ አላት፤ ንዴቱ እንደገና ፈላ።

«እርስዎ ሌላ እስኪይዙ፣ እኔም ሌላ እስክይዝ፣ የዛህራ ልጅ ይቀቀል? ስንጠብቅ የኖርነው በማን ትከሻ ነው? ቫልቮቹ ክፍት ናቸው። መዝጋት ከፈለጉ በራስዎ እጅ ይዝጉ።»

በመስተዋቱ ግድግዳ በኩል ወደ አዳራሹ ሲያዩ ተወቻቸው። አጥናፉ ተነሥተው እስከ በሩ ድረስ መጡ። እዚያ ቆሙ፤ ቆይተው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ሽቅብ ባቡር ከነጭ ሜዳ ተነሥቶ በዋሻው ጎን ወደ ደጋ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ትርሲትና አባቷ ሁለት ሻንጣና አንድ ሳጥን ይዘው ተሳፈሩ። የብርድ ድርሻቸው ገና ጣቢያው ሳይደርሱ ተቋርጧል። ከሥራ የለቀቀችው ሴት ደስ አላላትም፤ ፈርታለች፣ ንዴቱም አልወጣላትም፣ ሆዷ ባዶ ነው። አቶ ውብሸት ግን ባቡሩ የመጀመሪያውን ዳገት ሲጨርስ መስኮቱን በሁለት እጃቸው ታግለው ከፈቱት። ነፋስ ገባ።

«በረደኝ» አሉ በኩራት፤ ጋቢያቸውን ሳቡ።

ጭኗ ላይ ያለው ሳጥን ጠራ። የድምፅ መዝጊያው እንደተበላሸ ነውና ሁሉም ይሰማል። ያቺው የአባያዋ ቁጥብ ድምፅ ናት።

«ወይዘሪት ትርሲት፣ ሌላ ሥራ ሳይዙ መልቀቅዎን አሁን አየን። ለፋይላችን ያህል፣ ምክንያቱ ምንድን ነው?»

አፈ-ሰው እንደ ልማዱ «ኧረ ምንም…» ብሎ ጀመረና ቆመ። ዛሬ ሳሎን ውስጥ የተጮኸውን ሁሉ ሰምቷል። ከሰማው ጋር የሚገጥም የቆየ መልስ ግን የለውም።

«ይቆዩ» አለ። «እሷው ትንገርዎት።»

ትርሲት ሳጥኑን ወደ አፏ አስጠጋችው። «ተናድጄ ነው» አለች። «ውሸት ያስወሩኝ ነበር፣ እኔም አወራሁ። በእኔ ድምፅ ሕፃን አስለቀሱ። አለቃዬ ጥሩ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው፣ እኔም ፈሪ ነበርኩ። ሥራውን እፈልገዋለሁ። እቸኩላለሁ። ደመወዝም እፈልጋለሁ፣ አባቴን የሚያሳክም ደመወዝ። ውሸት የምታስወሩኝ ከሆነ ግን ከአሁኑ ይቅር።»

ባቡሩ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩዋት።

«እንዲህ ያለ መልስ ደርሶኝ አያውቅም» አለች የአባያዋ ድምፅ። «ከየከተማው የሚያመለክተው ሁሉ ደህና ነኝ ነው የሚለኝ። ምን እንደምልዎት አልተማርኩም። ይቆዩ፣ ሰው ልጥራ።»

ከሩቅ የወንበር መንኳኳት ተሰማ። አንድ ሰው በርበሬ እንደበዛበት አስነጠሰ። ከዚያ ያልተለሳለሰ፣ በመጠራቱ ትንሽ የተበሳጨ፣ የእውነተኛ ሴትዮ ድምፅ መጣ።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

ትርሲት አባቷን አየች። አባቷ በአገጫቸው ተናገሪ አሏት።

«ትርሲት ነኝ» አለች።